እፍ ነው ወይስ ሳብ? ስፓይሮሜትርን ቤት ውስጥ መጠቀም

እናቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሆስፒታል ስትወጣ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ መጣች። ሦስት ትንንሽ ኳሶች ያሉባት፣ ጎኗ ላይ ቱቦ የተሰካባት፣ ላያት ሰው የልጅ መጫወቻ የምትመስል። የሰጣት ባለሙያ ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፣ «እናቴ፣ በየሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ ይሥሩባት» ብሏት ሄደ። እሷም ሁለት ቀን ሙሉ እፍ ስትልባት ከረመች። ኳሶቹ ፍንክች አላሉም። በሦስተኛው ቀን «ተወኝ ልጄ፣ የኔ ሳንባማ አልቆለታል» ብላ ትራሷ ሥር ሸጎጠቻት።

ሳንባዋ ምንም አልሆነም። ዕቃዋ የምትሠራው አየር ሲሳብባት ነው እንጂ ሲነፋባት አይደለም። «እማ፣ እስቲ በስትሮ ጁስ እንደምትጠጪ ሳቢው» አልኳት። የመጀመሪያዋ ኳስ ብድግ አለች። እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ ስፌቱ አሟት ሳቋን ዋጠችው።

እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ብዙ ቤት አለ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። እኔ ራሴ አስም አለብኝ። ወንድሜ ከዱባይ የላከልኝ በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ስፓይሮሜትርም (የትንፋሽ መለኪያ) አለኝ፣ በሱም መጀመሪያ አካባቢ ከእናቴ የባሰ ተሳስቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ሦስት ዓመት ስጠቀምበት ግን ሐኪሜንም ፊዚዮቴራፒስቷንም እየጨቀጨቅሁ የተማርኩት አለ።

መጀመሪያ፦ እጃችሁ ላይ ያለው የቱ ነው?

ስፓይሮሜትር በሚል አንድ ስም ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ዕቃዎች ይሸጣሉ። አንዱ ማሠልጠኛ ነው። ኳስ ወይም ወደ ላይ የሚወጣ ፒስተን አለው፣ ባትሪ የለውም፣ የሚሳብበት ነው። ሌላው መለኪያ ነው። ስክሪን አለው ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ የሚነፋበት ነው። ማሠልጠኛው በሽታ አይመረምርም። መለኪያውም ሳንባ አያሠለጥንም፤ ሚዛን ላይ በመውጣት ብቻ የከሳ ሰው አላየሁም።

ሦስተኛ ዘመድ አላቸው፣ ፒክ ፍሎው የሚባለው ቱቦ። እሱም የሚነፋበት ነው፣ ግን የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትንፋሻችሁ ሲወጣ የደረሰበትን ከፍተኛ ፍጥነት። ርካሽና ጠንካራ ነው። አስም ላለበት ሰው ዲጂታሉን መግዛት ካልቻለ እሱ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

ኳሷን ማንሳት

ማሠልጠኛዋ ብዙ ጊዜ የምትሰጠው ከቀዶ ጥገና በኋላ ነው። ሆድ ወይም ደረት ተከፍቶ ሲሰፋ ሰው ህመሙን ፈርቶ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል። ያኔ ከሳንባ ግርጌ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይጨማደዳሉ፣ አክታ ይጠራቀማል፣ ለሳንባ ምች በር ይከፈታል። ረጅም ትንፋሽ ሲሳብ ከረጢቶቹ ተመልሰው ይከፈታሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ካልቻላችሁ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጉት። ዕቃዋን በዓይናችሁ ትክክል፣ ሳታጋድሉ ያዙ። ካጋደላችኋት ኳሶቹ በቀላሉ ይነሳሉ፣ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት። በመጀመሪያ ተራ ትንፋሽ አስወጡ፣ ወደ አየሩ እንጂ ወደ ቱቦው አይደለም። ከዚያ የቱቦውን አፍ በከንፈራችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙና ቀስ ብላችሁ፣ ረጅም አድርጋችሁ ሳቡ።

ቀስ የምትለዋን ሰው አይሰማትም። ባለሦስት ኳሷ ላይ ብዙ ጊዜ 600፣ 900 እና 1200 ተብሎ ተጽፏል። ይህ በሴኮንድ የሚሳበው አየር በሚሊ ሊትር ነው፤ ፍጥነት ነው እንጂ የሳንባ መጠን አይደለም። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ በኃይል ስቦ ጣሪያ ማስነካት ጉብዝና ይመስላል። ግን ግማሽ ሴኮንድ ስባችሁ ታቆማላችሁ፣ አየሩም ከታች አይደርስም። አንዷን ወይም ሁለቷን አንስታችሁ፣ ሦስተኛዋ እንደተቀመጠች፣ በተቻለ መጠን አንጠልጥላችሁ አቆዩ። ሳንባችሁ ሲሞላ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ትንፋሻችሁን ያዙ። ከዚያ አፋችሁን ከቱቦው አንሱና ረጋ ብላችሁ አስወጡ።

ፒስተን ያለው ዓይነት ከሆነ ጎኑ ላይ ትንሽ ጠቋሚ አለች፤ ስትስቡ እሷ መሃል ላይ እንድትቆይ አድርጉ። ፒስተኑ የደረሰበት ሚሊ ሊትር የዕለቱ ውጤታችሁ ነው።

በነቃችሁበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ ወደ 10 ጊዜ፣ የተለመደው ትእዛዝ ይህ ነው። በየመሃሉ ግን እረፉ። ራሳችሁን ካዞራችሁ ወይም ጣታችሁን ከነዘራችሁ እየተጣደፋችሁ ነው ማለት ነው፤ አቁማችሁ እንደወትሮው ተንፍሱ። አሥሩ ሲያልቅ ትራስ ስፌቱ ላይ አቅፋችሁ ሁለት ሦስቴ አስሉ። እናቴ ትራሱን ካገኘች በኋላ ነው ማሳል የደፈረችው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህች ዕቃ ብቻዋን ተአምር አትሠራም። ከአልጋ ተነስቶ ኮሪደር ላይ መንቀሳቀስና ማሳል ቢያንስ የሷን ያህል ይሠራሉ፤ ኳስ እያነሱ ቀኑን ሙሉ መተኛት ዋጋ የለውም።

ወደ መለኪያው፦ ከመንፋታችሁ በፊት

አንዳንድ ሰው ጨርሶ መንፋት የለበትም። በኃይል መንፋት የደረት፣ የሆድ፣ የዓይንና የራስ ግፊት ይጨምራል። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የያዘው፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ጭንቅላቱን፣ ደረቱን ወይም ሆዱን የተሠራ፣ አየር ከሳንባው ወደ ደረቱ አፈትልኮ የነበረ፣ ደም ያስተፋው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንፋ። የመውለጃዋ ቀን የደረሰ ነፍሰ ጡርም እንደዚሁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ያድርግ። ቲቢ ከሆነ መንፋቱ ለራሱም፣ መሣሪያውን ለሚጋራው ቤተሰቡም አደጋ ነው።

ከመለካት በፊት አንድ ሰዓት ሲጋራም ሺሻም የለም፣ ከባድ ስፖርትም የለም። መጠጥ ከሆነ 8 ሰዓት። ጥብቅ ቀበቶና ነጠላ ፈታ ይደረግ። ሰው ሠራሽ ጥርስ በደንብ የገጠመ ከሆነ አይወልቅ፣ ከንፈር እንዲይዝ ይረዳል።

አሁን መሣሪያው ዕድሜ፣ ቁመትና ጾታ ይጠይቃችኋል። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። የተወለድኩበትን ዓመት 1978 ብዬ አስገባሁ፣ በኛ አቆጣጠር። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ ስለዚህ ሰባት ስምንት ዓመት አስረጀኝ። የአዋቂ ሰው የትንፋሽ መጠን በየዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከኔ የሚጠበቀው መጠን በ200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ወረደ፣ የኔ ውጤት በመቶኛ ሲሰላ ደግሞ ወጣ። 80 በመቶ የነበርኩት ሰውዬ 85 ሆኜ ለወንድሜ ጉራዬን ነዛሁ። ሐኪሜ ናት ዕድሜዬን አይታ የሳቀችው።

ቁመት ላይ አትገምቱ። ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተጠግታችሁ ቁሙ፣ ሰው መጽሐፍ አናታችሁ ላይ አግድሞ ያስቀምጥ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግ፣ ከዚያ በሜትር ለኩት። የሳንባ መጠን ከቁመት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ያሳየው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ነው። በ1846 እ.ኤ.አ. ውሃ ውስጥ በተደፋ በርሜል ከ2,000 በላይ ሰዎች አስነፍቶ ነው የደረሰበት። ዛሬም መሣሪያው ቁመታችሁን የሚጠይቀው ለዚያ ነው።

አንዳንዱ መሣሪያ ዘር ይጠይቃል። የቆየ ሶፍትዌር ላይ «ጥቁር» ብላችሁ ስትመርጡ የሚጠበቀውን መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል፣ ማለትም የታመመ ሳንባ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ (የሳንባ ሐኪሞች ማኅበር) በ2023 እ.ኤ.አ. ዘርን የማይጠይቀው ስሌት እንዲሠራበት መክሯል። አሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ የድሮ ወረቀታችሁ በየትኛው እንደተሰላ ሐኪማችሁን ብትጠይቁ አይከፋም።

አነፋፉ

እግር መሬት፣ ጀርባ ቀጥ፣ ጎማ የሌለው ወንበር። ቆሞ መንፋት ይቻላል፣ ግን ራስ ሊያዞር ስለሚችል ተቀመጡ ነው የምለው። አፍንጫችሁን በመቆንጠጫ ወይም በሁለት ጣት ያዙ።

አፋችሁን ከፍታችሁ ሳንባችሁ ጢም እስኪል ሳቡ። ጢም ብሎ የሞላ መስሏችሁ ሳለ ትንሽ ቦታ አለ፣ እሷንም ሙሏት። ከሁለት ሴኮንድ በላይ ሳትቆዩ አፍ መያዣውን ከጥርሳችሁ አሳልፋችሁ ከንፈራችሁን ግጠሙበት፣ ምላስ ከሥር ይሁን። ከዚያ ቧ! አንድ ጊዜ፣ በሙሉ ኃይል፣ ያለ ምንም ማመንታት። የልደት ሻማ እንደማጥፋት አይደለም። ዓይን ውስጥ የገባ ትንኝ እፍ ተብሎ እንደሚወጣበትም አይደለም። ጀርባችሁን አንድ ሰው ከኋላ በጥፊ እንደመታችሁ ይውጣ።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ሰው አንድ ሴኮንድ ነፍቶ ጨረስኩ ብሎ ያቆማል። አልጨረሳችሁም። ንፉ፣ ንፉ፣ ንፉ። ቢያንስ 6 ሴኮንድ አስቡ፣ የመተንፈሻ ቱቦው የጠበበ ሰው ደግሞ እስከ 15 ሊሄድ ይችላል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው አየር የለም ብላችሁ ስትምሉ እንኳ በቀጭኑ እየወጣ ነው። እኔን ሴት ልጄ ናት የምታስነፋኝ፣ ሰዓት ይዛ «ባባ ቀጥል ቀጥል ቀጥል» እያለች፣ ፊቴ ቲማቲም ሲመስል ደግሞ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ሰው አጠገብ መኖሩ ግን በእውነት ቁጥሩን ይለውጠዋል።

ሳል ካቋረጣችሁ፣ ከከንፈራችሁ ጥግ አየር ካመለጠ፣ ምላሳችሁ ቀዳዳውን ከዘጋ፣ ያኛው አይቆጠርም። ትንሽ አርፋችሁ ድገሙ። ሦስት ጥሩ ንፊያ ያስፈልጋችኋል፣ ከነዚያም የሁለቱ ትልልቆች ልዩነት ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። 3.02፣ 2.95፣ 2.80 ካገኛችሁ 3.02 ብላችሁ ጻፉ፤ አማካይ አይወሰድም። ስምንቴ ነፍታችሁ ካልተስማማ ለዛሬ በቃ፣ ነገ ሌላ ቀን ነው። በኃይል ሲነፋ ሽንት ጠብ ማለት ያጋጥማል፣ በተለይ የወለዱ ሴቶችን። ሐኪም ቤት ሁሌ የሚያዩት ነገር ስለሆነ አትሸማቀቁ፣ ቀድማችሁ ሽንት ቤት ሂዱ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ስክሪኑ ላይ ሦስት ነገሮች ፈልጉ። ኤፍ ቪ ሲ በኃይል ያስወጣችሁት ጠቅላላ አየር ነው። ኤፍ ኢ ቪ ዋን በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣው ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ንጽጽር ነው። የኔ ጥሩ ቀን 4.1 እና 3.0 ነው፣ 3.0 ለ4.1 ሲካፈል 73 በመቶ ይሆናል።

ንጽጽሩ ከ70 በመቶ በታች ሲወርድ ቱቦው ጠቧል፣ አየሩ መውጫ አጥሮታል የሚል ጥርጣሬ ያመጣል። አስም አለዚያም በሲጋራና በማገዶ ጭስ የሚመጣው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ንጽጽሩ በራሱም ይወርዳል፣ ስለዚህ አያታችሁን አስነፍታችሁ አታስደንግጧቸው። ንጽጽሩ ደህና ሆኖ ኤፍ ቪ ሲ ብቻውን ካነሰ፣ ወይ ሳንባው በትክክል መስፋት አቅቶታል ወይ እናንተ ቶሎ አቁማችኋል። በኔ ግምት ቤት ውስጥ አሥር ጊዜ ሲያጋጥም ዘጠኙ ሁለተኛው ነው። ቶሎ ማቆም ደግሞ ንጽጽሩን ከፍ አድርጎ የጠበበን ቱቦ ይሸፍናል፤ ለዚህ ነው ንፉ ንፉ እያልኩ የምጨቀጭቀው።

ምንም ያህል ብትነፉ ሳንባ ውስጥ የሚቀር አየር አለ፣ አዋቂ ሰው ላይ ከአንድ ሊትር በላይ። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እሱን አይለካም። «ጠቅላላ የሳንባ መጠን» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ በጥርጣሬ እዩት።

ከፍተኛው ፍጥነት አንዳንድ መሣሪያ ላይ በደቂቃ፣ ሌላው ላይ በሴኮንድ ይጻፋል። 7.5 አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ በ60 ሲባዛ 450 ነው። ፒክ ፍሎው ቱቦ የምትጠቀሙ ደግሞ ከፍታን አስቡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነው፤ ሜካኒካሉ ቱቦ እዚህ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ድሬዳዋ ወርዳችሁ ቁጥሩ ትንሽ ቢወጣ ሳንባችሁ ተሻለው ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ይልቅ የራሳችሁን ምርጥ ቁጥር ያዙ። ደህና በሆናችሁበት ሁለት ሦስት ሳምንት በየቀኑ ንፉና ትልቁን ደብተር ላይ ጻፉት። የዚያ ቁጥር 80 በመቶና በላይ ደህና፣ ከ50 እስከ 80 ጥንቃቄ፣ ከ50 በታች ደግሞ የተሰጣችሁን የአስም ፓፍ ወስዶ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። ከንፈር ከጠቆረ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይተነፍሱ መጨረስ ካቃተ ደግሞ መሣሪያ ፍለጋ አትሂዱ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት።

ያድጋል ወይ?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥራችሁ ይወጣል። ደስ ይላል፣ ግን የተማረው አፋችሁ ነው፣ ሳንባችሁ አይደለም። አነፋፉን ለመዳችሁት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ለልምምድ ብቻ ተዉትና መነሻችሁን በሁለተኛው ሳምንት ያዙ።

ሳንባ ትልቁን መጠኑን የሚይዘው በ20ዎቹ ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ የደረት አጥንት ስለማያድግ ጤነኛ ሰው ላይ ሊትሩን ብዙ መጨመር አይቻልም። ሯጮቻችን እንኳ ሚስጥራቸው የሳንባ ትልቀት አይደለም፣ ልባቸው፣ ደማቸውና ጡንቻቸው ነው። የሚሻሻለው ሌላ ነው፦ የተጨማደደው ይከፈታል፣ የጠበበው በመድኃኒት ይሰፋል፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ይጠነክራል፣ ደረጃ ስትወጡ ማለክለኩ ይቀንሳል። የኔ ኤፍ ኢ ቪ ዋን አንድ ክፉ ጠዋት 2.5 ነበር። ሐኪሜ እንዳዘዘችኝ ፓፉን ወስጄ 15 ደቂቃ ቆይቼ ስነፋ 2.9 ሆነ። ያ 400 ሚሊ ሊትር በልምምድ የመጣ አይደለም፣ ቱቦው ስለተከፈተ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ አድርጋችሁ ሆዱ እንዲነፋ በአፍንጫ ሳቡ፣ ከዚያ ከንፈራችሁን ለፉጨት እንደምታሾሉ አድርጋችሁ ከሳባችሁበት እጥፍ በሆነ ጊዜ አስወጡ። ሁለት ቆጥሮ መሳብ፣ አራት ቆጥሮ ማስወጣት። እግር ጉዞ ጨምሩበት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ጂም አትክፈሉ፣ ደረጃው አለ። ከሁሉ በላይ ግን ጭሱን ቀንሱ። ሲጋራ ያቆመ ሰው የጠፋበት ባይመለስም ከዚያ በኋላ የሚቀንሰው ወደማያጨስ ሰው ይጠጋል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ፣ መስኮት ክፈቱ። እጣኑን ተዉ ብል ማን ይሰማኛል፣ የገዛ እናቴ አትሰማኝም፣ ቢያንስ ግን አስም ያለበትን ልጅ ከረከቦቱ አርቃችሁ አስቀምጡት።

ሰዓት አትቀያይሩ። እኔ ጠዋት፣ ፓፍ ሳልወስድ እነፋለሁ፣ አስም ጠዋት ስለሚከፋ። ደብተሬ ላይ ቀኑ፣ ሦስቱ ቁጥሮች፣ ማታ አስሎኝ እንደሆነ፣ ሰፈር ውስጥ ቆሻሻ ተቃጥሎ እንደሆነ አለ። ወደ ሐኪም ስሄድ እሷ ከስልኬ ግራፍ ይልቅ ያንን ደብተር ነው የምታገላብጠው።

አጠባ

አፍ መያዣ አንዱ ለሌላው አያውስ፣ ባልና ሚስትም ቢሆን። የካርቶኑ አንዴ ተነፍቶበት ይጣላል፣ የፕላስቲኩ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ዲጂታሉ ውስጥ እንደ ነፋስ መሽከርከሪያ የምትዞር ቀጭን ቅጠል ካለች እሷን ቧንቧ ሥር አትደቅኗት፣ የውሃው ኃይል ይሰብራታል። ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አወዛውዟት፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ አራግፉ፣ ፎጣ ላይ አቁማችሁ አድርቁ። አልኮልና የፈላ ውሃ አይንካት። ከደረቀች በኋላ ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉባት፤ በነጻነት ካልዞረች ፀጉር ወይም የደረቀ ምራቅ ይዟታል። እኔ አንድ ጊዜ ኤፍ ቪ ሲዬ በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትር ወርዶ ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ዋልኩ። ማታ ፈትቼ ሳያት የድመታችን ፀጉር ተጠምጥሞባታል።